የባቲን ገበያ ሁለት ጊዜ ስሠራው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቀን ቀን ስልክና ኮምፒውተር እየጠገንሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ አንድ የስልክ ጨዋታ እሠራ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ ከአፋር ቆላ በግመል ጨው ጭኖ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚገባ ነጋዴ ሆኖ ከአማራው፣ ከኦሮሞውና ከአፋሩ ገበያተኛ ጋር ይገበያያል። የሠራሁበት ጎዶት የተባለው የጌም ማበልጸጊያ በነጻ የሚገኝና ኮዱም ክፍት ስለሆነ ለፈቃድ የከፈልሁት ነገር አልነበረም፤ ወጪዬ እንቅልፌና ባቲ የተመላለስሁበት የመኪና ሒሳብ ብቻ ነበር።

ዋናው ሥራ የነበረው ሰላምታው ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባቲ ሲነግድ የኖረው አጎቴ፣ “ልጄ፣ ሳይጠያየቁ ዋጋ መጥራት ነውርም ኪሳራም ነው” ብሎኝ ነበር። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን፣ ዝናቡን፣ ግጦሹንና የመንገዱን ሰላም ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። እኔም ይህንኑ የጨዋታው ሕግ አደረግሁት፤ ዳጉውን በትዕግሥት ያዳመጠ ተጫዋች የትኛውን መንገድ ጎርፍ እንደቆረጠው፣ የማን ጨው እንደሚዘገይ ያውቅና ዋጋውን በዚያ ይተምናል፤ የቸኮለው ግን በጭፍን ይገዛል። እነዚህን ንግግሮች ብቻ ለማስተካከል አራት ወር ፈጅቶብኛል። ለሙዚቃው ደግሞ አንድ የክራር ተጫዋች ለምኜ፣ ገበያው ሲሟሟቅ ባቲን፣ ነጋዴው ወደ ደጋ ሲወጣ አምባሰልን እንዲመታልኝ አደረግሁ። ቅኝቶቹ ራሳቸው በወሎ ሥፍራዎች ስም የሚጠሩ በመሆናቸው ከዚህ የተሻለ የመንገድ ምልክት አልታየኝም።

በፕሌይ ስቶር ላይ ጨዋታ የሚወጣበት አካውንት ለመክፈት የሚጠየቀው አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ስላልነበረኝ፣ በራሱ አካውንት ሊያወጣልኝና 200 ሺህ ብር በሦስት ዙር ሊከፍለኝ የተስማማ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሲመጣ ውሉን ሁለተኛ ጊዜ እንኳ ሳላነብ ፈረምሁ።

የመጀመሪያው ዙር ክፍያ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የሥራው ኃላፊ ደወለልኝ። “ወንድሜ፣ ሰው ሰላምታ ለመስማት ስልክ አይከፍትም፤ ማስታወቂያ ያየ ሰው ዳጉውን የሚያልፍበት ቁልፍ ይግባበት” አለኝ። ዳጉውን ያለፈ ተጫዋች ምን ዐውቆ እንደሚነግድ ስጠይቀው፣ ለዚህም መፍትሔ እንዳለው፣ ይኸውም የከሰረው ተጫዋች የዋጋ ጥቆማ በገንዘብ እንደሚገዛ አስረዳኝ። መጀመሪያ መረጃውን ከተጫዋቹ ነጥቀን፣ ቀጥለን ያንኑ መረጃ መልሰን እንሸጥለታለን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የክራሩ ድምፅ “ያስተክዛል” ተብሎ በተዘጋጀ የጭፈራ ዜማ እንዲተካ፣ ተጫዋቹም በየቀኑ እየከፈለ ዕድሉን የሚሞክርበት የሚሽከረከር ጎማ እንዲጨመር ታዘዝሁ። ጎማውን ለእናቴ ባሳያት “ይኼማ ቁማር ነው” አለችኝ። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2018 በጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሣጥኖችን በተመለከተ ከእናቴ ያልራቀ ውሳኔ ሰጥቷል።

ሆኖም ድርጅቱ ሁሉን ተሳስቶ ነበር ብል እዋሻለሁ። ጨዋታው ለመጫን ከባድ መሆኑን፣ ፊደሉም በርካሽ ስልኮች ላይ እንደማይነበብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጀማሪ ተጫዋች ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ነገር አለመኖሩን የነገሩኝ እነሱ ናቸው። በዚያን ጊዜ ግን ምክሩንና ትእዛዙን ለይቼ መስማት ስላቃተኝ ሁሉንም እንደ ጥቃት ቆጠርሁት። ዛሬ ከማፍርባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ከውሉ ልውጣ ብዬ ወረቀቱን ስገልጥ በጨዋታው ይዘት ላይ የመጨረሻው ውሳኔ የድርጅቱ መሆኑን፣ ስሙ፣ ሥዕሉና ኮዱም ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምሮ ወደ እነሱ መተላለፋቸውን አነበብሁ። አካውንቱም፣ ጨዋታው የሚፈረምበትና ያለ እሱ ማሻሻያ የማይወጣለት ዲጂታል ቁልፍም በእነሱ እጅ ስለነበረ አንዲት የፊደል ግድፈት እንኳ ለማረም ፈቃድ ያስፈልገኝ ነበር። በጨዋታው ይዘት ላይ ስንከራከር የከረምነው ሁሉ ገና ስፈርም አልቆ የተዘጋ ጉዳይ ኖሯል።

ቡንጂ የተባለውን የአሜሪካ የጌም ስቱዲዮ ታሪክ ያነበብሁት ከዚህ በኋላ ነው። ስቱዲዮው እ.ኤ.አ. በ2007 ከማይክሮሶፍት ሲለይ በገዛ እጁ የፈጠረው ሄሎ የተባለው ጨዋታ ማይክሮሶፍት ዘንድ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሳታሚው ከአክቲቪዥን ሲለይ ግን ዴስቲኒ የተባለውን ጨዋታውን ይዞ ወጣ፤ ለሁለተኛው ጨዋታ ሲዋዋል ባለቤትነቱን ለራሱ አስቀርቶ ነበርና። የሁለቱን ፍቺዎች ልዩነት ሳይ የእኔም ጥፋት ከኃላፊው ጋር ከመጣላቴ በፊት የተፈጸመ መሆኑ ገባኝ።

የቀሩትን ሁለት ዙር ክፍያዎች ትቼ እንደገና ከዜሮ ጀመርሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ለተሠራው ሥራ እንጂ ለሐሳቡ ስላልሆነ፣ ከቀድሞው ኮድና ሥዕል አንድም ሳልወስድ፣ በሌላ ስም፣ ንግግሩንም አዲስ ጽፌ ስለ ባቲ ሌላ ጨዋታ መሥራት ቻልሁ። በዚህኛው ጊዜ 25 ዶላሩን ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ፤ አካውንቱ በስሜ ነው፤ የፊርማውን ቁልፍ በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን እናቴ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። የድርጅቱን ምክሮች ግን አልጣልኋቸውም፤ ፊደሉን አተለቅሁ፣ መጠኑን ቀነስሁ፣ ለጀማሪው ደግሞ አጎቴን የሚመስል አንድ ሽማግሌ ገበያው መግቢያ ላይ አስቀመጥሁለት፤ ሲከስር “አብሽር” የሚለውም እሱ ነው። ገቢው ከጥገናው ገቢ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሱቁን ኪራይ እስካሁን የሚከፍለው የሰው የተሰበረ ስልክ ነው።

ባለፈው ወር ሌላ አሳታሚ የውል ረቂቅ ላከልኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚመለከተውን አንቀጽ ሰርዤ፣ ለማከፋፈል ብቻ ለሁለት ዓመት እንደምፈቅድ ጽፌ መለስሁላቸው። መልስ አልመጣም፤ እኔም የሁለት ነጋዴዎችን ዳጉ በአፋርኛ ለመቅዳት ፈቃዳቸውን ስላገኘሁ በመጪው ሰኞ ባቲ እወርዳለሁ።