ላፕቶፔ ላይ ሠራ፣ ሰርቨሩ ላይ እምቢ አለ

ኢለቨንቲ በሚባል የሳይት መገንቢያ መሣሪያ የምትገነባ ትንሽ ስታቲክ ሳይት አለችኝ። የኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ፓኬጅ መጫኛ የሆነው ኤንፒኤም ከቨርዥን 5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 ወዲህ፣ ለይታችሁ ካልነገራችሁት የምትጭኑትን ሁሉ በፓኬጆች መዘርዝር ፋይሉ ላይ ዲፔንደንሲስ (የግድ የሚያስፈልጉ) በሚለው ክፍል ውስጥ ይከተዋል። እኔም ነግሬው አላውቅም። ኢለቨንቲ፣ ሳስ (ሲኤስኤስ የሚያወጣልኝ)፣ ኢኤስሊንት (የኮድ ስህተት የሚጠቁም)፣ ፕሪቲየር (የኮድ አሰላለፍ የሚያስተካክል)፣ ሁሉም እዚያው ተከምሯል።

አንድ ማታ ማጽዳት አማረኝ። ስታቲክ ሳይት አይደል? የሚወጣው ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ነው፣ ሰርቨር ላይ የሚሮጥ ኖድ የለም፤ እንግዲያው ሁሉም የዴቨሎፕመንት ነው ብዬ ጠራርጌ ለዴቨሎፕመንት ብቻ የሚያስፈልጉት ወደሚዘረዘሩበት ክፍል፣ ወደ ዴቭ ዲፔንደንሲስ፣ አዛወርኩት። ላፕቶፔ ላይ ቢልድ አደረግኩ (ሳይቱን ገነባሁ)፣ ሠራ። ኮዱን ፑሽ አድርጌ (ልኬ) ተኛሁ።

ጠዋት ሳይቱን ገንብቶ የሚያወጣው ሰርቨር ላይ ዲፕሎዩ ወድቋል። ሎጉ ኢለቨንቲን አላገኘሁም ይላል፣ ከሥሩ ኤረር ኮድ 127። ካሹን ጠረጠርኩ፣ አጸዳሁ፣ ወይ ፍንክች። የፓኬጆቹን ቨርዥን ከሚመዘግበው ሎክ ፋይል ጋርም ስታገል ቆየሁ። ለካ ድሮ ራሴው ሰርቨሩ ላይ ኖድ ኤንቭ የሚባለውን ሴቲንግ ፕሮዳክሽን ብዬው ነበር! እንደዚያ ሲሆን ኤንፒኤም ዴቭ ዲፔንደንሲስን ጭራሽ አይጭንም።

ላፕቶፔ ያታለለኝ ፓኬጆች የሚጫኑበት ኖድ ሞጁልስ ፎልደር ውስጥ ሁሉም ነገር ቀድሞ ስለነበረ ነው። ፎልደሩን አጥፍቼ በሎክ ፋይሉ መሠረት በሚጭነው "ኤንፒኤም ሲአይ" ትእዛዝ ላይ "ኦሚት ዴቭ" (ዴቩን ተው) ጨምሬ ጭኜ ቢልድ ሳደርግ እዚሁ ቁጭ ብዬ ያው ስህተት መጣ። አሁን ፓኬጅ ባዛወርኩ ቁጥር ፑሽ ከማድረጌ በፊት ይህን እሞክራለሁ።

አመዳደቤንም ቀየርኩ። የምጠይቀው "ይህ ባይኖር ሳይቱ ይገነባል?" ብቻ ነው። ካልተገነባ ዲፔንደንሲስ ውስጥ ይገባል፤ ኢለቨንቲና ሳስ እዚያ ገቡ። ብሮውዘር ድረስ የሚሄደው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ አልፓይን እንኳ አያጠያይቅም። ኢኤስሊንትና ፕሪቲየር ዴቭ ሆነው ቀሩ። ፋይሉን በእጅ መነካካት አያስፈልግም፣ ፓኬጁን በ"ሴቭ ዴቭ" ወይም በ"ሴቭ ፕሮድ" እንደገና ስትጭኑት ራሱ ቦታ ይቀይራል።

ሁሉንም ዴቭ ውስጥ ትቶ ሰርቨሩ ላይ "ኢንክሉድ ዴቭ" (ዴቩንም ጨምር) ማለትም ይቻላል። ብዙዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ስህተትም የለውም። እኔ ግን ሰርቨር በቀየርኩ ቁጥር ያቺን ቃል እንደማልረሳ ራሴን አላምነውም።

የኔ መንገድም ዕዳ አለበት። የፓኬጆችን የደህንነት ቀዳዳ የሚፈትሸውን "ኤንፒኤም ኦዲት"ን ያለ ዴቭ ሳስኬደው ጎብኚው ጋ ፈጽሞ በማይደርሱት በነኢለቨንቲ ጥገኞች ላይ ሁሉ ይጮሃል። እሱን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ነው የማየው።