ብሉቤሪ የሚተክል አፈሩን ያስመርምር

ዘንድሮ የብሉቤሪዎቼ ቅጠል በመጨረሻ ወዝ አወጣ። ሜሪላንድ አካባቢ ጓሮ ኖሯችሁ ጎመንና ቃሪያ የሰለቻችሁ ካላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

አተካከሉ ብዙ ወሬ የለውም። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይሁን። ሁለት ዝርያ ቢሆን ይመረጣል፤ ሲዳቀሉ ፍሬው ይወፍራል። የእኔዎቹ ብሉክሮፕና ዱክ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት አበባውን ልቀሙት። አንጀት ይበላል፣ ግን ጉልበቱ ወደ ሥሩ ይሂድ።

ጣጣው አፈሩ ላይ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መስመሮቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ፣ ዝም ብላችሁ ማዳበሪያ አትድፉበት። ብዙውን ጊዜ ብረት አጥሮት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ አፈሩ በቂ አሲድ ስለሌለው ግን ተክሉ ሊስበው አይችልም። ብሉቤሪ የሚስማማው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። ከቤቴ ግድግዳ ሥር ያለው አፈር ሲመረመር 6.8 ወጣ። ከኮንክሪት የሚታጠበው ኖራ እንዲህ ያደርጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ፒኤች ላይ ግን አንድ ቁጥር ማለት አሥር እጥፍ የአሲድ ልዩነት ነው።

ሐበሻ ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ «የቡና አተላ ድፋበት!» በረካው ወጥቶ ያለቀለት አተላ ምን አሲድ ይኖረዋል? አብዛኛውን እኛው ጠጥተነዋል። ለኮምፖስት ጥሩ ነው፣ ፒኤች ግን አያወርድም።

የሚያወርደው ድኝ ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ወደ አሲድ ይለውጡታል። ወራት ይፈጃል፤ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ከመትከላችሁ ከወራት በፊት ጀምሩ፣ መጠኑንም ከምርመራው ውጤት ተነሱና ወስኑ፤ ከበዛ ሥሩን ይጎዳል። ማዳበሪያዬ አሞኒየም ሰልፌት ነው፤ ከላይ የጥድ ቅርፊት አለብሰዋለሁ። የቧንቧ ውሃችሁ ኖራ የሚበዛበት ከሆነ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ። አፈር ላይ የሚሰካውን ርካሽ መለኪያ ግን አትመኑ፤ ለእኔ መጫወቻ ነው።

ለወፎቹ መረብ ግድ ነው። ፍሬው ሰማያዊ ስለሆነ ብቻም አትቅጠፉት፤ ግንጩ አጠገብ ያለው ቅላት እስኪጠፋ ጥቂት ቀን ታገሡት።

መግረዝ ላይ እጄ አሁንም ይፈራል። ብርዱ ሊያልቅ ሲል ያረጀውን ግንድ ከሥሩ መቁረጥ ነው ደንቡ። እኔ መቀሱን ይዤ ወጥቼ፣ የደረቀውን ጭራሮ ለቃቅሜ እገባለሁ። የሚችልበት ካለ ፎቶ ልላክለትና የትኛውን እንደምቆርጥ ይንገረኝ።