በእጄ አንድ

ዛሬ የሰባተኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና ሳርም አምሽቼ አንድ ወረቀት ላይ እጄ ቆመ። የመጀመሪያው ገጽ ንጹሕ ነው። የሁለተኛው ገጽ አራት ጥያቄዎች ግን ተገልብጠዋል እንጂ አልተሠሩም፤ ከእያንዳንዱ ሥር የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያ ባዶ። ባለፈው ሴሚስተር ከክፍሉ አራተኛ የወጣ ልጅ ነው። ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ትናንት "ማታ ምን ስትሠራ አመሸህ?" ብለው፣ "ምንም ቲቸር፣ ሳዳምጥ" አለኝ። ምን እንደሚያዳምጥ አልጠየቅሁትም። ገብቶኛል።

በ1995 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ጉለሌ፣ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ መሃሏ ላይ መጋረጃ። ከወዲህ እኔና ወንድሜ፣ ከወዲያ እማዬና አባዬ። ሰው ልጅን ከጥናት የሚያናጥበው ጩኸቱ ይመስለዋል። ጩኸቱማ ሲመጣ መጣ ነው። እኔን የሚጨርሰኝ ከጩኸቱ በፊት ያለው ነበር፦ ብርጭቆ እንዴት እንደተቀመጠ፣ የአባዬ ጫማ ደጃፉ ላይ ስንት ጊዜ እንደተራገፈ፣ እማዬ "እሺ" ስትል "እሺ"ዋ እንዴት እንደወጣች። ማባዛት እየሠራሁ "ሁለት ጽፌ በእጄ አንድ" እላለሁ፤ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ በእጄ ያለችው አንድ የለችም። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ያልጻፈውን ነገር በጭንቅላቱ ይዞ መቆየት አለበት። ጆሮው ሌላ ቦታ የተቀጠረ ልጅ በምን ይይዘው?

ኩርፊያው ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው። "ለአባትሽ እራት ቀርቧል በይው" ትለኛለች እማዬ፤ አባዬ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል። "አልራበኝም በያት።" እኔ "ትንሽ ቆይቶ ይበላል" ብዬ አለሳልሼ አደርሳለሁ። (በአማርኛ ድርሰት ጎበዝ ያደረገኝ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።) የሒሳቡ ነገር ግን አልሆነም። ከሦስተኛ ወደ ሃያ አንደኛ ወረድኩ። ካርዱ ላይ የወላጅ ፊርማ ቦታ አንድ መስመር ብቻ ናት፤ በእሷም ተጣሉ። ሦስተኛ ስወጣ "ልጄ" ያለው አባዬ "ልጅሽን ጉድ እይ" አላት፤ እሷም "ልጅህን" ብላ መለሰችለት።

ወንድሜ ግን በዚያችው ቤት እያደገ አንደኛ ይወጣ ነበር። ዘመድ ሁሉ "እሱስ?" እያለ በእሱ ይቀጣኝ ነበር። ትልቅ ሰው ከሆንን በኋላ ነው የነገረኝ፦ ካርድ የመጣ ቀን ቤታችን ሰላም ስለሚያድር ነበር እንደዚያ የሚያጠናው። አንደኛ ካልወጣስ? ይሄን እያሰበ ሌሊቱን ይነጋበት ነበር። እሱን የጠየቀ አስተማሪ የለም፤ ጎበዝ ልጅን ምን ብለው ይጠይቁታል።

በመጨረሻ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ለመፋታት ለመጡ ባልና ሚስት ዳኛው እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ትዳር አትርፎ ይሆናል። የእኛ ሦስት ወር ግን ከሚያዝያ ጀምሮ ነበር፤ ሚኒስትሪ የተፈተንኩት ሰኔ። እነሱ እያሰቡ እኔ ተፈተንኩ። ለጥቂት አለፍኩ። ከተፋቱ በኋላ፣ በዓመቱ፣ ዘጠነኛ ወጣሁ። ሲለያዩ ተሻለኝ ማለት ነው። እስከ ዛሬ እማዬ ፊት ይህን ተናግሬ አላውቅም።

ወደ ልጁ ወረቀት ተመለስኩ። ልማዴ ቢሆን ኖሮ ግርጌው ላይ "ወላጅ ይዘህ ና" ብዬ እጽፍ ነበር። የትኛውን ይዞ ይምጣ? ሁለቱም ቢመጡ የጀመሩትን አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ይጨርሱታል፣ እሱም እዚያ ቆሞ ያዳምጣል።

ነገ በምሳ ሰዓት የእኛ ክፍል ባዶ ነው። ሁለተኛውን ገጽ እዚያ ይሥራው። በሩን ዘግቼለት ደጅ እቀመጣለሁ። ውጤቱን እስካሁን አልመዘገብኩም።