ሕፃኑ በካልሲ ውስጥ

የመጀመሪያውን ናሲሚየንቶ የገዛሁት ቺቺካስቴናንጎ፣ የሐሙስ ገበያ ላይ ነው። ተሸወድኩ። ናሲሚየንቶ በስፓኒሽ «ልደት» ማለት ሲሆን፣ ጓቲማላዎች ለገና ቤታቸው የሚደረድሯቸውን የእመቤታችንን፣ የዮሴፍን፣ የሕፃኑን፣ የእረኞቹንና የሰብአ ሰገልን ምስሎች እንዲህ ይሏቸዋል። ሻጩ «እንጨት ነው፣ በእጅ የተሠራ» አለኝ። ተከራክሬ ዋጋውን በግማሽ አስወረድኩና ኮራ ብዬ ሄድኩ። ማታ ሆቴል ስፈታው አንዱ ንጉሥ ከእጄ አምልጦ ወደቀ፤ አፍንጫው ሲሸረፍ ከቀለሙ ሥር ነጭ ጄሶ ብቅ አለ።

ገበያውን ግን አልረገምኩትም። የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን 18 ደረጃዎች ላይ የኪቼ ማያ ሽማግሌዎች ኮፓል የሚሉትን ሙጫ ሲያጤሱ፣ አበባ የሚሸጡ ሴቶች በጭሱ ውስጥ ተቀምጠው፣ ከሰፈሬ ደጀ ሰላም የራቅኩ አልመሰለኝም። የሆቴሉ ዘበኛ የንጉሡን አፍንጫ አይቶ ሳቀብኝና «እንጨት ከፈለግሽ ሳንቲያጎ ሂጂ» አለኝ።

ሳንቲያጎ አቲትላን በአቲትላን ሐይቅ ደቡብ በኩል ያለች የጹቱሂል ማያዎች ከተማ ናት። ከሐይቁ ማዶ ካለችው ከፓናሃቼል ከተማ በጀልባ ይሻገራሉ፤ በጠዋት ከሄዱ ውሃው እንደ መስተዋት ነው። ከፊት ሦስት እሳተ ገሞራዎች፣ ሳን ፔድሮ፣ ቶሊማንና አቲትላን፣ እየገዘፉ ይመጣሉ። ወደቡ ላይ ስወርድ የተቀበለኝ ባጃጅ ነው፤ ያው የኛው ባጃጅ።

መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባሁ። በሁለቱም ግድግዳ ከእንጨት የተቀረጹ ቅዱሳን ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ልብስ ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ የአገር ሸማ ተጠምጥሟል። እኔ ያደግኩት ሥዕል በሚሳምበት እንጂ የተቀረጸ ምስል በማይቆምበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። እንዲህ ተደርድረው፣ በደንብ ለብሰው ሲያዩኝ፣ አርፍጄ ማኅበር የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ከመንበሩ ጀርባ ደግሞ ወደ ጣሪያው የሚወጣ የእንጨት ሥራ አለ። በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳውን አሮጌውን፣ ዲዬጎ ቻቬዝና ኒኮላስ ቻቬዝ የተባሉ የከተማው ልጆች፣ ወንድማማቾች፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ መልሰው አቆሙት። ቅርጹን እንደ ተራራ አደረጉት፤ ግራና ቀኙን የአገራቸው ሽማግሌዎች ወደ ጫፉ ሲወጡ ይታያሉ። ሥራውን ያዘዟቸው ከኦክላሆማ የመጡት ካቶሊክ ቄስ ስታንሊ ሮዘር ናቸው። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፣ ጁላይ 28 ቀን 1981፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በሚኖሩበት ቤት ተገደሉ። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ሲሄድ ልባቸው በምእመናኑ ልመና ሳንቲያጎ ቀረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2017 ብፅዕናቸውን አውጃለች።

ከዚያ ወጥቼ ነው የመዶሻ ድምፅ ተከትዬ አንድ ጠባብ በር ላይ የደረስኩት።

ሽማግሌው ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ከጉልበታቸው በታች የሚቀር፣ ባለ ሸንተረር ቁምጣ ለብሰዋል፤ ጠርዙ ላይ ወፎች ተጠልፈዋል። ባለቤታቸው በሩ ጥግ ሆነው የዚያኑ ዓይነት ወፍ ይጠልፋሉ። እንጨቱ ሴድሮ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ሲፈለጥ የሚሸት። ቤቱ በሙሉ የሸተተው እሱ ነው። ግንዱን በገጀራ ጠርበው ቁመናውን ያወጡለታል፣ ከዚያ መሮ፣ ከዚያ ትንሽ ቢላዋ፣ መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ወረቀት። ጄሶውን ንጉሥ ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው። አልሳቁም። ገልብጠው መቀመጫውን አሳዩኝ፤ ልሙጥ ነው። ከዚያ የራሳቸውን አንዱን እረኛ ገለበጡልኝ፤ የእንጨቱ ቀለበትና የቢላዋው ዱካ በግልጽ ይታያል። «ፊቱን ማንም ያሳምራል» አሉኝ፤ «ሥሩን እይ።»

እረኛው ጭነቱን የተሸከመው በግንባሩ ላይ ባለፈ ጠፍር ነው፤ መንገድ ላይ ማገዶ ተሸክመው ሲያልፉ ያየኋቸው ሰዎች ልክ እንደዚያ ነው የሚሸከሙት። ዮሴፍ እንደ ሽማግሌው ባለ ወፍ ቁምጣ ታጥቋል። የማርያም ራስ ዙሪያ ቀይ ጥምጥም አለ። ይሄ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ሽማግሌው ኪሳቸው ገብተው 25 ሳንቲም አወጡ። ሳንቲሙ ላይ ያለችው ሴት ያንኑ ጥምጥም አድርጋለች፤ የሳንቲያጎ ልጅ ናት። ብዙ ሜትር የሚረዝመውን ጥብጣብ እያዞሩ እያዞሩ ነው የሚጠመጥሙት። አሁን የሚያደርጉት አሮጊቶች ብቻ ናቸው አሉ ባለቤታቸው፣ ከጥልፋቸው ቀና ሳይሉ።

«አህያውስ?» አልኩ ወደ ከብቶቹ እያመለከትኩ።

«አህያ አይደለችም። በቅሎ ናት። በቅሎና በሬ» አሉኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል ፊት።

600 ኬትዛል አሉኝ፤ አልተከራከርኩም። ቺቺካስቴናንጎ ላይ ተከራክሬ ያገኘሁትን አይቻለሁ። አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቀለሉልኝና ሕፃኑን ለብቻው ለዩት። እነሱ ዘንድ ሕፃኑ ዲሴምበር 24 እኩለ ሌሊት ሳይደርስ አይወጣም፤ እስከዚያ ግርግሙ ባዶ ነው፣ እናቱ ባዶ ቦታ እያየች ትቆያለች። የኛ ልደት ጃንዋሪ 7 ነው ብዬ በተሰባበረ ስፓኒሽ አስረዳኋቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። «እንግዲያው ያንቺዋ ማርያም ረዥም ነው የምትጠብቀው» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ሕፃኑ አውራ ጣቴን ቢያክል ነው። እንዳይጠፋብኝ የሱፍ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።

ስመለስ ሾኮሚል የሚሉት የከሰዓት ነፋስ ተነስቶ ነበር። ጀልባዋ እየዘለለች፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ እስከ አንገቴ ረጥቤ ፓናሃቼል ደረስኩ። ሌላ የምለው የለኝም፤ እናንተ በጠዋት ተመለሱ።

ቨርጂኒያ ቤታችን ምስሎቹን መደርደሪያ ላይ ሳቆም እማዬ ወገቧን ይዛ ታየኛለች።

«ምንድን ነው ይሄ? ጣዖት አመጣሽብኝ?»

«መታሰቢያ ነው እማ።»

ቀረብ አለች። መነጽሯን አደረገች። «ዮሴፍን ምነው በቁምጣ? በዚህ ብርድ?» የማርያምን ጥምጥም ግን ቆይታ አየችው፤ «ይቺ ሻሿን እንዴት አድርጋ ነው ያሰረችው?» አለች። ከበቅሎዋ ጋር ነው የተጣሉት። ትንፋሻቸውን የገበሩለት አህያና ላም ናቸው፣ በቅሎ ከየት መጣች፣ በቅሎ ምን ቤት ናት ብላ ወደ ጥግ ገፋቻት። ሕፃኑ ካልሲ ውስጥ መሆኑን ስነግራት ደግሞ «አታፍሪም?» አለችና ወስዳ ዳዊቷን በምትጠቀልልበት ነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው።

ዲሴምበር 25 አለፈ። ቤታችን የመጡ ጎረቤቶች ልጁ የት አለ እያሉ ይጠይቃሉ፤ እማዬ «ገና ነው» ትላቸዋለች፣ በአማርኛ።

በኛው ገና ሌሊት ከቅዳሴ ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እማዬ ነጠላዋን ሳታወርድ ወደ ክፍሏ ገብታ ጨርቁን ይዛ ወጣች። ሕፃኑን ከግርግሙ አስተኛችው። ጥቂት አየችውና እጇን ወደ ጥጉ ሰድዳ፣ በቅሎዋን ጎትታ አጠገቡ አቆመችለት።