የማን ሲሶ?

ዛሬ ሲከፋኝ ዋለ። ይህ ነው የምለው ምክንያት የለኝም፤ ዝናቡም ይሆናል። ማታ ትንሹ ሰውዬ ደብተሩን ይዞ መጣ። እናቱ «ዛሬ ያንተ ተራ ነው» ብላኝ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ጥያቄው 3/4 ሲቀነስ 1/3 ይላል። እሱ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ቀንሶ ጨርሷል፤ ከላይ 2፣ ከታች 1፣ ስለዚህ ሁለት! አንድ እንኳን ከማይሞላ ዳቦ ላይ ቆርሰን ሁለት ሙሉ ዳቦ ተረፈን ማለት ነው። በዚህ ኑሮ እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢሠራ እንዴት ባማረብን። ሳቄን ዋጥ አድርጌ የ4 እና የ3 ትንሹ የጋራ ብዜት 12 መሆኑን አሳየሁት። ሦስት አራተኛው 9/12 ሆነ። «ሲሶው ደግሞ 4/12...» ስል አቋረጠኝ።

«ሲሶ ምንድን ነው?»

ሲሶን አያውቅም! አንድ ሦስተኛን እንጂ ሲሶን ማንም አላስተማረውም። የኛ ቤት ልጅ፣ የአባባ የልጅ ልጅ ልጅ!

አባባ ደብተር ይዘው አያውቁም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ግን ሲሶውን ለባለመሬቱ እየሰጡ ያርሱ ነበርና ይህን ሒሳብ በየዓመቱ አውድማ ላይ ይሠሩት ነበር። 30 ቁና ጤፍ ተሰፈረ እንበል። አስራት 3 ቁና፣ ሲሶ 10 ቁና፤ የሚተርፈው 17 ነው። አባባ ታህት ማስተካከል አላስፈለጋቸውም፣ ቁናው ራሱ አስተካክሎላቸዋል። እማማ እንደሚሉት ሙግቱ ሌላ ነበር፦ «አስራቱ አስቀድሞ ይነሣ፣ ሲሶው ከቀረው ይታሰብ።» እንዲያ ከሆነ ባለመሬቱ ከ27ቱ 9 ይወስዳል፣ ለአባባ 18 ይቀራል። ልዩነቱ አንድ ቁና። «ለአንድ ቁና ብለህ ከጌታ ትጣላለህ?» ይሏቸው ነበር አሉ ጎረቤቶቻቸው። አባባ ግን ጥያቄው የቁና እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ሲሶ፣ እሺ፤ የምን ሲሶ? ከየትኛው ሙሉ ላይ?

እኔ በዲግሪዬ ይህን ጠይቄ አላውቅም። የጡረታ 7 በመቶዬ የሚታሰበው ከዋናው ደመወዝ ነው፣ ግብር ከተነሣለት አይደለም። ይህን ዛሬ ማታ ነው ልብ ያልሁት፣ ያውም በልጅ ደብተር ላይ ቁና እየሣልሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የደመወዝ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ስከት ኖሬያለሁ? አባባ ቢሆኑ የሒሳብ ሹሙን በር ያንኳኩ ነበር። እኔ ግን ምን ብዬ እገባለሁ? «አንድ ቁና ጎድሎብኛል»?

ቀና ስል ትንሹ ሰውዬ ክንዱን ተንተርሶ እንቅልፍ ወስዶታል። የመልሱ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ፣ በእኔው እጅ ጽሕፈት፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት «18 ቁና» ተጽፏል። አይጠፋም። ነገ መምህሩ ምን ይል ይሆን? ደግሞስ ጥያቄው ምን ነበር?