ኮንሶ ላይ የጠጣኋት ጨቃ
ካራት ከተማ የገባን ቀን ጨቃ በቅል ሰጡኝ፣ ወፈር ያለ ለብ ያለ የማሽላ መጠጥ ነው፣ እኔ ጠላ ነገር መስሎኝ ስለነበር ፊቴን አጨማደድኩ፣ ያቀበሉኝ እናት አዩኝ። እስካሁን ይቆጨኛል። ጨቃ እኮ እዛ መጠጥ ብቻ አይደለም፣ ማሳ ለሚውል ገበሬ ምግቡም ነው፣ ያንን ሁሉ እርከን የሚሰሩት እሱን እየጠጡ ነው። እርከኑን ስታዩት ደግሞ አፍ ያስይዛል፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ተራራውን ሙሉ፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 መዝግቦታል። ዋካ የሚባለው የእንጨት ሐውልት የሞተ ጀግና መታሰቢያ ነው፣ እኛ ግን "ጣዖት ነው እንዴ?" ብለን ጠየቅን፣ ሰው የአባቱን መታሰቢያ እያሳየህ እንዲህ ይባላል? በማግስቱ እናትየው ጋ ተመልሼ ቅሉን በሁለት እጄ ተቀብዬ ቁጭ ብዬ ጠጣሁ፣ ሁለተኛው ላይ ጣዕሙ ገባኝ፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው ጨመሩልኝ።