ጉርሻ እንቢ ያለው ልጄ

ልጄ አራት ዓመት እንደሞላው በፋሲካ ዕለት አያቱ (አማቴ) ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፉ ሲያስጠጉ ጮኸ፣ እጃቸውን መታ፣ ከዚያም አልጋ ሥር ገብቶ ጆሮውን ይዞ ተኮራመተ። «ይህ ልጅ ጠግቧል! አንቺ ነሽ ያቀበጥሽው» አሉኝ። እኔም አምኜ ገረፍኩት። ያ ቀን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥጋብ አልነበረም። የሹራቡ አንገት ላይ የተሰፋችው ምልክት ተቆርጣ እስክትወጣ ያለቅስ ነበር። የጎረቤት ጄኔሬተር ሲነሳ ይበረግጋል፤ ፀጉሩን ለማስተካከል ሁለት ሰው ይይዘዋል። ሶፋ ላይ መዝለልና ግድግዳ መግፋት ግን አይሰለቸውም። እነዚህን ሁሉ ያያያዘችልኝ አንዲት የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባራትን ለማከናወን የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያ ናት። ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ሌላ የጡንቻና የመገጣጠሚያ፣ እንዲሁም ከውስጠኛው ጆሮ የሚመጣ የሚዛን ስሜት እንዳለን፣ የእርሱ አንጎልም አንዱን አጋንኖ ሌላውን አሳንሶ እንደሚቀበል አስረዳችኝ። ይህን አስተሳሰብ ያዳበረችው አሜሪካዊቷ ጂን ኤይርስ መጽሐፏን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሆኖም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ችግሩ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ አልሰፈረም። ስለዚህ «የበሽታው ስም ማን ይባላል?» ለሚሉኝ ዘመዶች የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላኛው ጥግ ሄድኩ። ዕጣን ማጨስ ተውኩ፤ እንግዳ መጥራት ቀረ፤ እህቱ እንኳ በሹክሹክታ ታወራ ጀመር። ቤታችን ጸጥ ባለ ቁጥር እርሱ ትንሿን ድምፅ መሸከም አቃተው። መከራን ማቅለልና ልጅን ከኑሮ ማራቅ የተለያዩ መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አሁን ቡናው ተመልሷል። ከመቆላቱ በፊት እነግረዋለሁ፤ መስኮት እከፍታለሁ፤ ጭሱ ከከበደው መኝታ ቤት ይገባል። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ሊጥ ያሻል፣ ሁለት ሊትር ውኃ ተሸክሞ ያመጣል፣ ቡና በሙቀጫ ይወቅጣል። ጡንቻውን የሚያሠራው ነገር ያረጋጋዋል። የሚገርመኝ፣ ሌላ ሰው ሲወቅጥ ጆሮውን ይይዛል፤ ራሱ ሲወቅጥ ግን ድምፁ አይረብሸውም።

ድንበሩን ደግሞ በአጭር ቃል አበጀሁት፦ «ጆሮህን መሸፈን ትችላለህ፤ መውጣት ትችላለህ፤ እህትህን መምታት አይፈቀድም።» በሚጮኽበት ሰዓት ምክር አልሰጥም፣ አይሰማምና። እጁን እይዛለሁ፤ እህቱን አርቃለሁ። ሲረጋጋ ያንኑ ቃል እደግማለሁ፤ የገፋትን ይቅርታ ይጠይቃል። ስልክ ስለተከለከለ ብቻ ሲያለቅስ አልሰጠውም። ሁለቱን ለቅሶዎች ለመለየት ወራት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም አንዳንዴ እሳሳታለሁ።

ከልጁ ይልቅ የከበደኝ ለአዋቂዎች ድንበር ማበጀት ነበር። ጉንጩን አገላብጠው ለሚስሙ ዘመዶች «እጅ ይነሳችኋል» ማለት ጀመርኩ። ጥቂቶች ተቀየሙ፤ ይሁን። ከአማቴ ጋር ግን መቀያየም አልፈለግኩም። ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ቀን አስቀድሜ ብቻቸውን አነጋገርኳቸው። «እማዬ፣ እርስዎን ጠልቶ አይደለም። እርጥብ ነገር ከንፈሩን ሲነካው እሾህ የወጋው ያህል ይሰማዋል» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ታዲያ ፍቅሬን በምን ላሳየው?» ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ሳህኑ ላይ እንዲያስቀምጡለት፣ ሲፈልግ በራሱ እጅ እንዲያነሳ ለመንኳቸው።

በዘንድሮው ፋሲካ ትንሽ ጉርሻ ጠቅልለው ሳህኑ ዳር አኖሩና ፊታቸውን አዞሩ። አልነካትም። የቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ዞር ብዬ ሳይ ጥቅሉን ፈትቶ፣ እንጀራውን ገፍቶ፣ ውስጡ የነበረችውን የእንቁላል ቁራጭ እየበላ ነበር። አያቱም አይተዋል። ተነሥተው ከድስቱ ሌላ እንቁላል አወጡ፤ ወጡን በውኃ አጥበው ሳህኑ ላይ አስቀመጡለት።